ከበሩ ላይ የተቆረጠው ግሥ

ነሐሴ 27 ቀን 2016፣ ሰኞ

ምክትል ርዕሰ መምህር ረድኤት ደምሴ ሆናለች። ያነበብኩት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። በዚህ ግቢ አሥራ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው እንደ አላፊ አግዳሚ ከግድግዳ ላይ ያነባል።

ለእኔ ምንም አይደለም። ቦታውን ተመኝቼ አላውቅም። ማመልከቻ ያስገባሁትም ሰዎች አስገባ፣ አስገባ ስላሉኝ ነው። ልጅቷ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያኔም እጇን ሳታወጣ መልስ የምትናገር ነበረች። ዛሬ በኮሪደሩ ስታልፍ «ጋሼ ፍቅሩ፣ ምክርዎ ያስፈልገኛል» አለችኝ። ፈገግታዋ አስጠላኝ።

ባለቤቴ ዘነበች ማታ «እንኳን ደስ ያለሽ አልካት?» አለችኝ። ራት እየበላሁ ነበር። መብላቴን ቀጠልኩ።

ነሐሴ 30፣ ሐሙስ

የግቢው አዲስ በር ተተከለ። የሠራው አባቷ ደምሴ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ብየዳ ቤት ያለው። በስጦታ ነው አሉ። ልጅ በተሾመች በሦስተኛው ቀን ስጦታ! አንድም ሰው አልሳቀም።

በበሩ ራስጌ ከላሜራ የተቆረጡ ፊደሎች ተደርድረዋል። በአማርኛ «ዕውቀትን ተከተል» ይላል። ከሥሩ በላቲን፣ «ሺየንቲያም ሴኩዌሬ»። ላቲኑን የመረጠችው እሷ ናት። ወልቂጤ ውስጥ ላቲን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ከተማው ያውቃል፤ ቅጽል ስሜ ራሱ «ላቲኑ» ነው። አልጠየቀችኝም። ምክሬ በዚህ ካላስፈለጋት በምን ሊያስፈልጋት ነው?

ከበሩ ሥር ቆሜ ሳነበው ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ እዚህ ማንም አያነበው። ስህተት ነው። ካቶሊኮቹ ካህናት በሚያሠለጥኑበት ዘርዓ ክህነት አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቃል። «ዶቼሬ» ማስተማር ነው፤ «ዶቼ» ደግሞ አስተምር። መጨረሻው ላይ «ሬ» ሲመጣ ትእዛዝ መሆኑ ይቀራል። እንግዲያው «ሴኩዌሬ» መከተል ነው፤ ተከተል ለማለት «ሴኩዌ» መባል ነበረበት። በሩ «ዕውቀትን መከተል» ነው የሚለው። ያውም በብረት።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአማርኛው መምህር ለገብረእግዚአብሔር ብቻ ነገርኩት። ከጎንደር መጥቶ እዚህ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነው። በሩን ቀና ብሎ አየና «የሚያምር ብረት ነው» አለኝ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

የድሮውን የላቲን መዝገበ ቃላት ከሳጥን አወጣሁ። አየሁ። መለስኩት።

መስከረም 6 ቀን 2017፣ ሰኞ

ትምህርት ተጀመረ። ሰልፍ ላይ ንግግር ያደረገችው እሷ ናት። የላቲኑን ቃል ለተማሪዎቹ ተረጎመችላቸው፤ አምስት መቶ ልጅ አጨበጨበ። ከመምህራን ማረፊያ በር ላይ ስደርስ አንዱ «ዛሬ ላቲኑ ከፍቶታል» ሲል ሰማሁ። ስገባ ወሬ ቀየሩ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ዑመይር የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ከትምህርት በኋላ ጎራ አልኩ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ቀስ ብዬ አነሳሁት። የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፤ «ነገ ቋንቋውን የሚያውቅ እንግዳ ቢመጣ የሚስቀው በእርስዎ ነው እንጂ በልጅቷ አይደለም።»

ፊቱ ተለወጠ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አራት ዓመት ተምሬዋለሁ።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ» አለ።

እኔ ልጻፍ አላልኩም። እሱ ነው ጻፍ ያለኝ።

መስከረም 7

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ስሟን የጠቀስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

መስከረም 10፣ ዓርብ

ስብሰባው ተደረገ። በዝርዝር ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ኋላ ሰው ሌላ ሌላ እንዳያወራ።

የቦርዱ አባላት፣ ርዕሰ መምህሩና የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ነበርን። አቶ ዑመይር ደብዳቤዬን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ረድኤት አላቋረጠችም። ሲጨርስ ቆመች፤ የታተመ ወረቀት ለሁላችንም አደለች። ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«ጋሼ ፍቅሩ ያሉት ሕግ ለአብዛኛው ግሥ ትክክል ነው» አለች። «ይሄኛው ግን ከሌላ ወገን ነው። መልኩ የተደራጊ ነው፤ ትርጉሙ ግን የአድራጊ። እከተላለሁ ለማለት ሴኩዎር፤ መከተል ለማለት ሴኩዊ፤ ተከተልኩ ለማለት ሴኩቱስ ሱም። ተከተል ብሎ ለማዘዝ ሲሆን ሴኩዌሬ ይባላል። ከነዶቼሬ ጋር የሚመሳሰለው በመልክ ብቻ ነው።»

እንዲህ ልቅም አድርጋ ነው የተናገረችው። 

ሳቅኩ። አስቤ አይደለም የሳቅኩት። «ከስልክ የተለቀመ ነው» አልኩ። «እኔ ይህን ቋንቋ የተማርኩት ከስልክ አይደለም።»

ገብረእግዚአብሔር እጁን አወጣ። «የኛው ተከተለስ እንዲሁ አይደል?» አለ። «ተገደለ፣ ተሰበረ ስንል ገዳይም ሰባሪም አለ። ተከተለ ስንልስ? ከተለ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መልኩ የተደራጊ ነው፤ የሚሄደው ግን ራሱ ነው።»

«ስለ አማርኛ የጠየቀዎት የለም» አልኩት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ተቀመጠ።

አቶ ዑመይር ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ፍቅሩ፣ እኛ መሐይም ነን። አራት ዓመት የተማሩት እርስዎ ነዎት። በሕሊናዎ ይንገሩን፤ ትክክል ነው ወይስ ስህተት?»

 አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲያ ጸጥ ብሎ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

«ስህተት ነው» አልኩ።

ውሳኔ፤ የላቲኑ ጽሑፍ ይነሣ። ቦርዱን በማሳሳቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣት። በምክትልነቷ መቀጠሏ ወደፊት ይታያል። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም ፈረመ። ገብረእግዚአብሔር አልፈረመም።

ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ጋሼ አላለችኝም። አላየችኝምም።

መስከረም 12፣ እሑድ

ፊደሎቹን ሊቆርጥ የመጣው ደምሴ ራሱ ነው። ሌላ ሰው ከነካው በሩን ያበላሸዋል አለ ተባለ። እኔ የፈተና ወረቀት ልወስድ ነበር ወደ ግቢ የሄድኩት፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ከ8ኛ ሀ መስኮት ይታያል። መሰላል ላይ ወጥቶ በግራይንደር አንድ በአንድ ቆረጠው። ብልጭታው ጃኬቱ ላይ ይረግፋል። ፊደል በወደቀ ቁጥር ወርዶ ያነሣና ጆንያ ውስጥ ይከታል፣ ተመልሶ ይወጣል። መሬት ላይ አንድም አልተወም።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ለምን እስከ መጨረሻው እንዳየሁት አላውቅም።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ መስቀል

ክትፎው ተረፈ። ጎረቤት በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ቶሎ ሄዱ። ሰው ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ዘነበች እና የደምሴ ሚስት አንድ ጸሎት ቤት ናቸው፤ አብረው ይዘምራሉ። «እሑድ ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር» አለችኝ። «አሥር ዓመት አብራኝ የቆመች ሴት ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አልኳት።

«ጠየቅኩህ እንዴ?»

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ረድኤት ሥራዋን ለቀቀች። ማንም አላባረራትም። ቡታጅራ አንድ ትምህርት ቤት ቀጥሯታል አሉ። ለእሷም ይሻላል፤ ትልቅ ከተማ ነው። በሩ ላይ አሁን የአማርኛው ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ጠባሳ መስሏል። ቀለም ይቀባ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ምክትል ርዕሰ መምህር ተብዬ ተሾምኩ። ሦስት ሰው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ቢሮው በስተ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። በበሩ ላይ የማዕረጌን ጽሑፍ ለጠፉ።

ገብረእግዚአብሔር መጥቶ ቆመና አነበበው። እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ምክትል ከየት እንደመጣ ያውቃሉ አቶ ፍቅሩ?» አለኝ።

«ከየት ነው?»

«ከተከተለ ነው። የሚከተል ማለት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ያስነሡትን ቃል ከቢሮዎ በር ላይ ለጠፉልዎ።» ይህን ብሎ ሄደ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ቀናተኛ ሽማግሌ። በላቲንም ቢሆን «ሴኩንዱስ»፣ ሁለተኛው፣ ከዚያው ግሥ ነው የወጣው፤ ሰዓታችን ላይ ሰከንድ የምንለው ሳይቀር። ይህን እንኳ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ለምን እንደጻፍኩት ግን እንጃ።

ጥቅምት 8

ሰልፍ ላይ ተናገርኩ። አላዳመጡም።

ጥቅምት 12

አንድ ወላጅ «የድሮዋ ምክትል የት ሄደች? ልጄ እሷን ነበር የሚሰማው» አለኝ። ፊት ለፊቴ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የቤታችን የግቢ በር ማጠፊያ ተሰበረ። ሌሎቹ ብየዳ ቤቶች መብራት የለም ብለው ዘግተዋል፤ ጄኔሬተር ያለው ደምሴ ብቻ ነው። ዘነበች «ለምን አትሄድም? ምንም አላደረግኩም ብለሃል» አለችኝ። ማጠፊያውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ። እጄ ላይ ያለውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ውሰደው» አለ።

«ትንሽ ሥራ ነው፣ ደምሴ።»

«ትንሽ መሆኑን አያለሁ። ለአንተ ቤት አልበይድም።»

ሁለቱ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ልሄድ ስል ተናገረ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የሰማሁት። «እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩ። ላቲን ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ፊደል በፊደል ቆረጥኩ። ጋሼ ፍቅሩ ደስ ይለዋል አለች። ይሄን ቋንቋ ከኛ ከተማ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፣ በሩን ሲያየው ይገርመዋል አለች። ያልጠየቀችህ ልታስደንቅህ ብላ ነበር። አሁን ሂድ።»

ማጠፊያውን ይዤ ተመለስኩ። በሩን በሽቦ አሰርኩት።

ጥቅምት 17

ውሸት ነው። ሰው ሲናደድ ብዙ ይፈጥራል።

ጥቅምት 19

«ሲያየው ይገርመዋል።»

ሰባተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀርታ «ጋሼ፣ እስቲ በላቲን አንድ ነገር ይበሉ» ብላኝ ነበር። ያልኩላትን ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ይህ ዛሬ ትዝ የሚለኝ ለምንድን ነው?

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ትናንት የዘነበች አጎት ለቅሶ ቡታጅራ ወሰደን። በአረቅጥ በኩል መንገዱ ተበላሽቷል ስላሉን በአለም ገና ዞረን፣ ጥያን ቡኢን አልፈን ሄድን። ስድስት ሰዓት መንገድ፤ ዘነበች ስድስት ቃል አልተናገረችም።

ድንኳኑ ውስጥ ሚኪያስን አገኘሁት። ዘርዓ ክህነት አብረን ነበርን። እሱም ኋላ ወጥቶ አሁን ቡታጅራ መድኃኒት ቤት ከፍቷል። ሠላሳ ዓመት ሆኖናል። ተቃቅፈን ተቀመጥን። ዘነበች ከአጠገቤ ነበረች።

እንዴት እንደተነሣ አላውቅም፤ ሚኪያስ የበሩን ወሬ ሰምቷል። ልጅቷ መድኃኒት ልትገዛ ስትመጣ ላቲን መማሩን ሰምታ ጠይቃዋለች። «ምን ነካህ አንተ?» አለኝ እየሳቀ። «ሴኩዌሬን ስህተት ነው አልክ? አባ በጥፊ ያስተማሩን ግሥ! ሴኩዎር፣ ሴኩዊ፣ ሴኩቱስ ሱም።» ጣቱን እያጠፈ እንደ ድሮው ቆጠረው። «ከፊቱ ፐር ጨምርበት፣ እስከ መጨረሻ መከተል ይሆናል፤ ማሳደድ፣ ማጥፋት። ረሳኸው?» ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና «ውይ፣ ለካ አንተ ይህን አልደረስክበትም» አለኝ። «በሁለተኛው ዓመት በገና በዓል ላይ አይደል ያሰናበቱህ? እነዚህን ግሦች የጀመርነው ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ዘነበች ዞራ አየችኝ። ስንጋባ አራት ዓመት ብያት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አራት ዓመት ስላት ኖሬአለሁ።

ዛሬ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ያችን ልጅ ምን አስከተለህ?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እሺ። ልጻፈው። ከስብሰባው በፊት አውቅ ነበር። ጳጉሜን ላይ መዝገበ ቃላቱን ያወጣሁት ስህተቷን በማስረጃ ላጠናክር ብዬ ነው። ገጹን አገኘሁት። መልኩ የተደራጊ የሆነ ግሥ መሆኑን ይናገራል። ምናልባት አልገባኝ ይሆናል ብዬ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ፈለግኩ። እዚያ ተጽፏል፤ ትእዛዝ፣ ለአንድ ሰው፣ ሴኩዌሬ። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ አነበብኩት። ሳጥኑን ቆለፍኩ። በዘጠነኛው ቀን ሰብሳቢው መደብር ሄድኩ።

ጥቅምት 27

ለአቶ ዑመይር ደወልኩ። አንሥቶ «አቤት ምክትል» ሲለኝ ስለ ጠረጴዛ ጥገና አወራሁት።

ጥቅምት 30

ዘነበች እህቷ ጋ አድራ መጣች። ለምን እንደሄደች አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

ኅዳር 4

ገብረእግዚአብሔር ሰላምታዬን አልመለሰም። ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩት። ሰምቷል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ብቻዬን ቡታጅራ ሄድኩ። ረድኤት ቅዳሜ ማጠናከሪያ እንደምታስተምር የነገረኝ ሚኪያስ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ጠራልኝ። እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ወጣች። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ይቀመጡ አላለችኝም።

«ምን ፈልገው መጡ?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ግሡ። ትክክል ነበርሽ።»

«ትክክል መሆኔን አውቃለሁ። ለዚህ ከወልቂጤ መምጣት አያስፈልግዎትም ነበር።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ያን ቀን ሰብሳቢው በሕሊናዎ ሲልዎት ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ሊያጣራው አይችልም። መዝገበ ቃላቱ ቤቴ ነው፣ ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። የረሳ ሰው ይቅር ይባላል። በመንገድ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያዘጋጀሁትም ይህንኑ ነበር። ረስቼው ነው፣ ብዙ ዘመን ሆነኝ ልል።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጳጉሜን ጀምሮ። መዝገበ ቃላት አይቼ።»

አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም። ከኪሷ ስልኳን አወጣችና ደረቴ አጠገብ ያዘችው። «እንደገና ይበሉት። ስምዎን ከነማዕረግዎ። ስንት ዓመት እንደተማሩም ይጨምሩ።»

«ረድኤት…»

«አባቴ መሰላል ላይ ሲወጣ ተማሪዎቼ አጥር ላይ ሆነው ያዩት ነበር። ይበሉት።»

ተናገርኩ። ምክትል ርዕሰ መምህር ፍቅሩ እባላለሁ አልኩ። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነው የተማርኩት አልኩ። ቃሉ ትክክል ነበር፣ ትክክል መሆኑን እያወቅኩ ስህተት ነው ብዬ ፈረምኩ፣ ቦታውን ፈልጌው ነበር አልኩ። የመጨረሻዋን አልጠየቀችኝም። ከአፌ ወጣች።

እዚያው ቆማ ላከችው። ከመምህራን የቴሌግራም ግሩፓችን ለካ አልወጣችም ነበር። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«አላደርግም» አለች። በቁጣ አይደለም፤ የትምህርት ሰዓት እንደምትናገር አድርጋ ነው። «ምናልባት አንድ ቀን። ዛሬ ግን አይደለም። አባቴ ጋ ይሂዱ። እኔ ክፍል አለኝ።» ወደ ክፍሏ ገባች። በመስኮት ድምፅዋ ይሰማል፤ ካቆመችበት ቀጠለች።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አርባ ሦስት መምህራን አዳምጠውታል። አንድም ሰው መልስ አልጻፈም። አቶ ዑመይር ብቻ ለብቻዬ ላከልኝ፤ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ። ማኅተሙንና ቁልፉን ይዘው ይምጡ። እኔንም አዋረዱኝ።»

ከቀትር በኋላ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ራሱ ነው የከፈተው፤ ግን ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሦስት ጊዜ።»

«ልነግርህ የመጣሁት…»

«ተናግረኸዋል። እዚህ ደግሞ ብትናገረው ለአንተ ያቀልልህ ይሆናል፤ ለእኔ ምንም አይጨምርልኝም።» በሩን ዘጋው። ሳያጮኽ ነው የዘጋው።

ዘነበች የድምፅ መልእክቱን ወጥ ቤት ሆና ሰማችው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ፤ የእኔ ድምፅ ከእሷ እጅ እየወጣ።  ሲያልቅ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ነገ ትሄዳለህ?»

«ቢሮውን አስረክቤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ካላባረሩኝ።»

«ልጆቹም ሰምተውታል ይሆናል። መምህራኑ ልጆች አሏቸው።»

«ይሰማሉ።»

ቆማ አየችኝ። የምትለውን ስጠብቅ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። እሑድ እሑድ ሸሚዜን የምትተኩስልኝ እሷ ናት። ዛሬ ካውያውን አላነሣችም። ራሴ ተኮስኩት፤ ኮሌታው አልተስተካከለልኝም። ነገ ከርክክቡ በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ 8ኛ ሀ ነው፤ ከመስኮቱ በሩ የሚታየው።